የሰባተኛው መናፈሻ ሰሌዳ

መናፈሻ የሚወድ ሰው አልወድም። ይህን የምለው በሩቁ ሆኜ አይደለም፤ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በከተማው የመናፈሻዎች ጽሕፈት ቤት ሰሌዳ ጸሐፊ ሆኜ ስለሠራሁ የመናፈሻ ወዳጆችን አበጥሬ አውቃቸዋለሁ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ሚስት ከፊት፣ ባል ከኋላ፣ መሃል ላይ ያኮረፈ ልጅ። አትርገጡ የተባለውን ሣር ይረግጣሉ፣ ተቀመጡ ተብሎ ወንበር በቀረበላቸው ቦታ ቆመው ይጨቃጨቃሉ፣ አበባው ፊት ተደርድረው ፎቶ ይነሳሉ፣ ከዚያ «እንዴት ያለ ንጹሕ አየር ነው!» እያሉ ሲጋራ ያቀጣጥላሉ። ሰሌዳ ፊት ሲደርሱ ደግሞ የመጀመሪያውን መስመር ያነባሉ፣ የመጨረሻውን መስመር ያነባሉ፣ መሃሉን ይዘሉታል።

ያንን የሚዘሉትን መሃል የምጽፈው እኔ ነኝ።

ከተማችን አሮጌ ናት። አሮጌ በመሆኗ ከመኩራት በቀር ይህ ነው የሚባል ሥራ የላትም። በኮረብታውና በወንዙ መካከል ሰባት መናፈሻዎች አሏት፤ የስድስቱ ደጃፍ ላይ በነጭ ሰሌዳ በጥቁር ቀለም የተጻፈ ታሪክ ቆሟል። የላይኛውን መናፈሻ ሰሌዳ አንብቡ፤ አንድ የጦር አዛዥ ከድል ሲመለስ ከዚህ ዛፍ ሥር ሦስት ቀን ተኝቷል ይላል። ዛፉ የተተከለው የአውቶቡስ መናኸሪያው ከቦታው ከተነሳ በኋላ ነው። አዛዡ እዚያ ተኝቶ ከሆነ የተኛው ትኬት መቁረጫው መስኮት ሥር ነው። የኩሬውን መናፈሻ ሰሌዳ አንብቡ፤ አንዲት ልዕልት ቀለበቷ ኩሬው ውስጥ ወድቆባት፣ ውሃው ሰባት ቀን ሙሉ ሲጨለፍ ከርሞ ሳይገኝ ቀርቶ፣ እሷም በሐዘን ሞተች ይላል። እስከ ዛሬ ድረስ ፍቅረኛሞች ኩሬው ላይ አጎንብሰው ያንን ቀለበት ሲፈልጉ ታያላችሁ። አንዱ ጅላጅል እንዲያውም ባለፈው ዓመት ከነጫማው ገብቶበታል። ልዕልቲቱን የፈጠርኳት አንድ ማክሰኞ ቀን፣ ከምሳ በፊት፣ በሩብ ሰዓት ውስጥ ነው።

እውነተኛው ወረቀት የት ሄደ ብትሉ መዝገብ ቤት አለ። መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው፤ ወደዚያ የሚያወርደው ደረጃ አርባ አንድ ነው፤ ታች ስትደርሱ የምታገኙት አቧራና ሳል የማይለቀው አንድ መዝገብ ያዥ ነው። የእኔ ቢሮ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ለእሑድ መንጋ ብዬ አራት ፎቅና አርባ አንድ ደረጃ የምወርድበት ምክንያት አልታየኝም። ሕዝቡ የሚፈልገው አንዲት የሞተች ሴትና አንድ ቁጥር ነው። ሁለቱን ከሰጣችሁት አንጀቱ ቅቤ ጠጥቶ ይሄዳል። ከእያንዳንዱ ሰሌዳ ግርጌ ደግሞ «ተጣርቶ የተጻፈ» እልና ፊርማዬን አኖራለሁ። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ሰው እንኳ «ከማን አጣራኸው?» ብሎ አልጠየቀኝም። እንዲህ ያለውን ሕዝብ ካልናቅሁ ማንን ልናቅ?

ሰባተኛው መናፈሻ ሰሌዳ የለውም። ከሁሉም ዝቅ ብሎ ወንዙ ዳር የሚገኘው የታችኛው መናፈሻ ነው። መናፈሻ ለማለትም ያሳፍራል። በረጅም ግንብ የታጠረ፣ ጎመንና ፍራፍሬ የሚበቅልበት፣ ሁለት አግዳሚ ወንበር የተጣለበት ቦታ ነው። በሩ አጠገብ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ታላቅ እህቴ ትኖራለች። ባሏ የቦታው አትክልተኛ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በፊት ሲሞት ሥራውንም ቤቱንም እሷ ተረከበች። ሰውዬውን «ዶማው» ነበር የምለው። አረማመዱ ዶማ፣ ንግግሩ ዶማ፣ ዝምታውም ዶማ ነበር። እህቴ ካርታ ዘርግታ ጂኦግራፊ የምታስተምር ሴት ነበረች። እንዲህ ያለች ሴት ጥፍሩ ውስጥ ጭቃ የማይጠፋ ሰው ማግባቷ ቆሽቴን ሲያሳርረው ኖሯል። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ በየወሩ እየሄድኩ ጠይቄያታለሁ፤ መጠየቅ ከተባለ። የፊተኛው ክፍል ውስጥ ጀርባዬን ለአትክልቱ ሰጥቼ እቀመጣለሁ፣ ሻዬን እጠጣለሁ፣ ሰዓቴን አያለሁ፣ እሄዳለሁ። ከዚያች ክፍል አልፌ ግቢውን ረግጬው አላውቅም።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ዶማው አንድ ጊዜ ቢሮዬ ድረስ መጥቶ ነበር። ጫማው ምንጣፉን እንዳያቆሽሽ በሩ ላይ ቆሞ ቀረ።

«ወንድሜ፣ ለእኛም ቦታ አንድ ሰሌዳ ብትጽፍልን?» አለኝ። «ግንቡ እኮ...»

«ለጎመን መደብ ሰሌዳ አይጻፍም» አልኩት።

ባልደረቦቼ በሳቅ ፈረሱ። እሱም አብሮ ሳቀ፤ ይህ ደግሞ ይበልጥ እንድንቀው አደረገኝ። ግንቡ ምን እንደሆነ ሳይጨርስልኝ ኮፍያውን አጥልቆ ሄደ።

ነገሩ የመጣው ዘንድሮ፣ የብርዱ ወራት ሲገባ ነው። የከተማው ምክር ቤት መኪና ማቆሚያ አነሰኝ አለ። ታሪካዊ የሆኑት መናፈሻዎች ይቆዩ፣ ያልሆኑት ለመንገዶች ክፍል ይተላለፉና አስፋልት ይልበሱ ተብሎ ተወሰነ። የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ ዝርዝር አዘጋጅቶ እንዲያቀርብ ታዘዘ። ይህን ሰውዬ በመካከላችን «አቶ ስብሰባ» ነው የምንለው። በዕድሜው አንድም መናፈሻ ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ አበባ ያስነጥሰዋል። ስለዚህ ታሪካዊ መናፈሻ ስንት እንዳለን ከወንበሩ ሳይነሳ የሚያውቅበት ዘዴ ፈለገ። የሰሌዳ መዝገቤን አስመጣና ሰሌዳ ቆጠረ። ስድስት።

«ታሪክ ያለው ሰሌዳ አለው፤ ሰሌዳ የሌለው ታሪክ የለውም» አለና ፈረመ።

መዝገቡን እንደ ሕፃን አቅፌ ይዤለት የገባሁት እኔው ነኝ። የእጄ ሥራ ለትልቅ ጉዳይ ዋለ ብዬ ደረቴን ነፍቼ እንደነበርም አልደብቅም። የታችኛው መናፈሻ ትዝ አላለኝም። የናቁት ነገር ትዝ አይልም።

ከሳምንት በኋላ፣ ዓርብ ቀን፣ እህቴ ደብዳቤ ይዛ ቢሮዬ መጣች። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው።

«በሠላሳ ቀን ውስጥ ቤቱን ልቀቂ ይላል። ለምን ብዬ ብጠይቅ ቦታው ሰሌዳ ስለሌለው ነው አሉኝ» አለች። «ሰሌዳ የሚጽፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ፣ እትዬ።»

«እሱን አውቃለሁ። ከአፍህ ልስማው ብዬ ነው።»

ይህን ብላ ወጣች። እህቴ ስድሳ ሦስት ዓመቷ ነው። ልጅ የላትም፣ ከዚያች ባለ ሁለት ክፍል ሌላ ቤት የላትም፣ ከዚያ ግቢ ሌላ ሥራ የላትም። እኔ ዘንድ ትግባ እንዳይባል፣ እኔና እሷ አንድ ጣራ ሥር ሁለት ቀን ከዋልን በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ይገላግለናል። ደብዳቤውን ደጋግሜ አነበብኩት። ቀጥ ብዬ ወደ አቶ ስብሰባ ገባሁ።

«ዝርዝሩ ስህተት አለበት» አልኩት። «ሰባተኛውን ረስተነዋል።»

«ሰሌዳ አለው?»

«የለውም፤ ግን...»

«እንግዲያው አልረሳነውም።» ቀና ብሎም አላየኝ። «ሐሙስ የምክር ቤቱ ተቆጣጣሪ መጥታ ዝርዝሩን ቦታው ላይ ታረጋግጣለች። በዚያን ዕለት ሰሌዳ ቆሞ ከተገኘ ሰባት እላለሁ፤ ካልተገኘ ስድስት እላለሁ። እኔን ከዚህ ነገር ውስጥ አታስገባኝ።»

ሰውዬው ከምንም ነገር ውስጥ ገብቶ አያውቅም። የሆነው ሆኖ ስድስት ቀን ሰጠኝ፤ እኔ ደግሞ ሰሌዳ ለመጻፍ ሩብ ሰዓት ይበቃኛል ብዬ ልቤን ሞልቼ ወጣሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ማስታወሻ ደብተሬን ይዤ አንዲት የሞተች ሴት ፍለጋ ወደ ታችኛው መናፈሻ ወረድኩ። እህቴ በሩ ላይ የተቆራረጠ ቅርንጫፍ እየለየች ታስር ነበር።

«እትዬ፣ እዚህ ግቢ ውስጥ የሞተ ታዋቂ ሰው አለ?»

«ባሌ።»

«ታዋቂ አልኩ እኮ።»

«እኔ አውቀዋለሁ።»

ጆሮ ዳባ ልበስ ብዬ ቀጠልኩ። አንዲት ባሏ የሞተባት ንግሥት ብናስገባ፣ ንግሥቲቱ በሐዘን ቤተ መንግሥቱን ትታ እዚህ ወርዳ በገዛ እጇ በለስ ብትተክል፣ በመጨረሻም በለሱ ሳያፈራ ብትሞት እንዴት ይሆናል አልኳት። እኔ በበኩሌ ወድጄው ነበር። እህቴ እጇን ከቅርንጫፉ ላይ አነሳች።

«ንግሥት ካስገባህ ሰሌዳውን ነቅዬ አነደዋለሁ። ደረቅ እንጨት አይደል? ግንቡ ይወደዋል።»

«ግንቡ ምን?»

ትኩር ብላ አየችኝ። የማላውቀውን ነገር አውቄ የምቀልድ መስሏት ነበር፤ ቀስ በቀስ እንዳልሆነ ገባት።

«እውነትህን ነው?» አለች። «ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ እየመጣህ ግንቡን አታውቀውም? ተነስ፣ ና።»

የፊተኛውን ክፍል አልፌ፣ በጓሮው በር ወጥቼ፣ ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ ግቢውን ረገጥኩ። ግንቡ ሁለት የሰው ቁመት ያህል ነው። ፀሐይ በሚያገኘው ፊቱ ላይ የኮክና የበለስ ዛፎች ቅርንጫፋቸው ግራና ቀኝ ተዘርግቶ፣ በገመድ ተይዞ፣ እንደ ተሰጣ ልብስ ተለጥፈውበታል። የዚያን ዕለት ብርዱ ጆሮ ይቆርጥ ነበር። ሣሩ ላይ ያደረው ውርጭ ገና አልቀለጠም።

«ንካው» አለችኝ።

ነካሁት። ግንቡ ይሞቃል። ልክ ትኩሳት የያዘው ሰው ግንባር እንደ መንካት ነው። እጄን ባነሳው ደስ አላለኝም፤ መልሼ አስደገፍኩት።

ወደ ጀርባው ወስዳ አሳየችኝ። ከግርጌው ሦስት የእሳት ጉድጓዶች አሉ። ግንቡ ውስጡ ባዶ ነው፤ ጭሱና ሙቀቱ በውስጡ ሲጠማዘዝ ከዳር እስከ ዳር ሄዶ አናቱ ላይ ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ውርጭ ሲመጣ አትክልተኛው ከዛፎቹ የተከረከመውን እንጨት ያነድበታል፤ ግንቡ ሙቀቱን ይዞ ያድራል፣ ፍሬውም አይሞትም። መሃለኛው ጉድጓድ አፍ ላይ አንድ ጡብ አለ፤ ጭቃው እርጥብ ሳለ ገንቢው ዓመተ ምሕረቱን በጣቱ ጽፎበታል። ሁለት መቶ ሰባ ዓመት ሆኖታል። ከጡቡ አጠገብ ባለው ድንጋይ ላይ ደግሞ በመሮ የተፋቁ አጫጭር መስመሮች ተደርድረዋል። እሳቱን የሚረከብ አትክልተኛ ሁሉ ሥራ በጀመረበት ቀን አንድ መስመር ይፍቃል።

«አሥራ ዘጠነኛው የባሌ ነው» አለች። «ሃያኛው የእኔ።»

በየብርዱ ወራት ጭሱን ከበሩ ላይ ሆኜ አየው ነበር። ዶማው ቆሻሻ የሚያቃጥል ነበር የሚመስለኝ።

«ያን ጊዜ ሊነግርህ የመጣው ይህንን ነበር» አለች እህቴ። «ሳቁብኝ አለኝ። እኔም ሳቅሁ አለኝ።»

አፈርኩ። እኔ ማፈር አልወድም፤ ስለዚህ ተናደድኩ። አንድ ሰው ይህን የሚያህል ነገር ይዞ እንዴት «ግንቡ እኮ» ብሎ ያቆማል? ጠረጴዛዬን ደብድቦ ለምን አልነገረኝም? ከዚያ ንዴቱ አለቀና ማፈሩ ብቻ ቀረ። በስድስቱ መናፈሻዎች ያቆምኳቸው የጦር አዛዦችና ልዕልቶች ሁሉ ተሰብስበው የዚህን ግንብ አንድ ጡብ አያክሉም ነበር።

ሰሌዳውን ለመጻፍ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ውሸት ራሱ እየተንደረደረ ይመጣል፤ እውነት ግን በየመስመሩ ያስቆማል። ስንት ጉድጓድ? በየትኛው በኩል? ሄጄ ቆጠርኩ። ግንቡ ስንት እርምጃ ነው? ሄጄ ለካሁ። እህቴ መነጽሯን አድርጋ እንደ ተማሪ ደብተር አረመችኝ። «እጅግ አስደናቂ» የሚለውን ሰረዘችው። «ያየ ይደነቅ፤ አንተ አትደነቅለት» አለች። በመጨረሻ ስድስት መስመር ቀረ። ግንቡ መቼ እንደተሠራ፣ ውስጡ ባዶ መሆኑን፣ እሳቱ የት እንደሚነድ፣ ሃያ ሰዎች በየተራ እንደጠበቁት ይናገራል። የሞተች ሴት የለበትም። ከግርጌው እንደ ልማዴ «ተጣርቶ የተጻፈ» አልኩና ፈረምኩ። ተጣርቶ የጻፍኩት ይህ የመጀመሪያው ነበር።

ሰኞ አቆምነው። ማክሰኞ ካፊያ ጥሎ ሁለቱን መስመር አጠበው። ረቡዕ እንደገና ቀባሁት።

ሐሙስ ጠዋት ተቆጣጣሪዋ መጣች። አጭር ሴት ናት፤ ጫማዋ ጠፍጣፋ፣ ትከሻዋ ላይ ያነገተችው ቦርሳ ራሷን ያክላል። ገና ሳያት ናቅኋት። አቶ ስብሰባ መሐረብ አፍንጫው ላይ ይዞ ከኋላ ይከተላል፤ በየአበባው መደብ ሁለት ሁለት ጊዜ ያስነጥሳል። እኔ አስጎብኚ ሆኜ ከፊት ቀደምኩ።

ላይኛው መናፈሻ ደረስን። ሴትዮዋ ሰሌዳው ፊት ቆመች። የመጀመሪያውን መስመር አነበበች። ከዚያ ሁለተኛውን አነበበች። ሦስተኛውን! ላቤ ጠብ ማለት የጀመረው እዚያው ነው። አንብባ ስትጨርስ ከቦርሳዋ አንድ ያረጀ ወረቀት ግልባጭ አወጣች። ለካ ሦስት ሳምንት ሙሉ ምድር ቤት ስትመላለስ ከርማለች፤ ያንን የሚያስለውን መዝገብ ያዥ በስሙ ነው የምትጠራው።

«ዛፉ የተተከለው መናኸሪያው ከተነሳ በሁለተኛው ዓመት ነው» አለች። «አዛዡን የትኛው ሰነድ ላይ አገኙት?»

«የአፍ ታሪክ ነው» አልኩ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

«ከማን አፍ?»

ቀና ብዬ ዛፉን አየሁ። እሷ ግን አልተቆጣችም። ከዛፉ ጀርባ ያለው የድንጋይ ደረጃ በእርግጥ አሮጌ እንደሆነ ሰነድ አለኝ አለች፤ መናፈሻው ይቆያል፣ ሰሌዳው ይነሳል ብላ ጻፈች።

ኩሬው ዘንድ ደግሞ ልዕልቲቱ ማን እንደምትባል ጠየቀችኝ። ስሟ አልተመዘገበም አልኳት።

«ይህ የእሳት አደጋ ውሃ ማጠራቀሚያ ነበር» አለች። «አንድ ሙሉ ሰፈር ከቃጠሎ ያተረፈ ውሃ ነው። ደስ የሚል ታሪክ ነበር። ምነው እሱን ቢጽፉት?»

አንዲት ወጣት ኩሬው ላይ አጎንብሳ ቀለበቱን እየፈለገች ነበር። ተቆጣጣሪዋ እሷን አየች፣ እኔን አየች፣ አለፈች። እንዲህ እያልን ስድስቱን ጨረስን። ስድስቱም መናፈሻዎች ቆዩ፤ እሷ ይዛው የመጣችው ወረቀት በእርግጥም አሮጌ መሆናቸውን ይናገራል። ስድስቱም ሰሌዳዎች እንዲነሱ ታዘዘ። አቶ ስብሰባ በየደረስንበት «ይሄ ሰውዬ ነው የጻፈው፣ እኔ ስፈርም ተጣርቶ የተጻፈ ይላል» እያለ ከእኔ አንድ አንድ እርምጃ ይርቃል። ስድስተኛው ላይ ስንደርስ ሌላኛው ዳር ቆሞ ነበር።

እኔ ግን ልቤ አልወደቀም። ሰባተኛው እውነት ነው፤ አንባቢ ደግሞ አገኘሁ። በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያው እውነተኛ ጽሑፌ በሃያ ስድስት ዓመት የመጀመሪያዋ እውነተኛ አንባቢዬ እጅ ሊገባ ነው። እንዲህ እያልኩ ቁልቁለቱን ወረድኩ፤ የናቅኋትን ሴት ሸክም ለማቅለል ቦርሳዋን ልያዝልዎት እስከ ማለት ደረስኩ። እምቢ አለችኝ።

ሰሌዳው ፊት ቆማ አነበበችው። ደግማ አነበበችው። ፊቷ ፈካ ሲል አየሁ፤ «ይገርማል» ስትልም ሰማኋት። ከዚያ ዓይኗ ወደ ግርጌው ወረደ። አውራ ጣቷን አንስታ ፊርማዬ ላይ ጫን አደረገችው። ስታነሳው ጣቷ ጠቁሯል።

«መቼ ነው የተጻፈው?»

«ሰኞ። ማለቴ... ትላንት ታደሰ።»

«ዝርዝሩ ከወጣ በኋላ ነዋ።» ጣቷን በመሐረብ ጠረገች። «ስለዚህ ቦታ መዝገብ ቤት ውስጥ አንድም ወረቀት አላገኘሁም። እርስዎ ያዩት ሰነድ አለ?»

«ሰነድ የለም። አትክልተኞች ናቸው፤ ወረቀት አይጽፉም። ግን ጡቡ ላይ ዓመተ ምሕረቱ አለ፣ ድንጋዩ ላይ...»

«ማን አሳየዎት?»

«ጠባቂዋ።»

«ጠባቂዋ ማን ናቸው?»

«እህቴ ናት» አልኩ።

አቶ ስብሰባ ከኋላ በሳቅ ፈነዳ፤ ሳቁ ወደ ማስነጠስ ተለወጠበት። ተቆጣጣሪዋ አልሳቀችም። ብትስቅ ይሻለኝ ነበር።

«እባክዎ ይግቡና ይንኩት» አልኳት። «ሃምሳ እርምጃ አይሆንም። ስድስቱን ዋሽቻለሁ። ይኸው በአለቃዬ ፊት እናገራለሁ፣ ከራሴ ፈጥሬ ነው የጻፍኩት። ይህኛው ግን እውነት ነው። ጭሱን አያዩትም?»

«ጭስ አያለሁ። ጭስ ማጨስ ከባድ አይደለም።»

«እትዬን ይጠይቋት። እሷ ውሸት አታውቅም።»

«ስለ ቤታቸው ነው የምጠይቃቸው፤ ምን እንዲሉኝ ይፈልጋሉ?» መዝገቧን ከፈተች። «ይስሙኝ። ዛሬ ጠዋት ኩሬው ዘንድ ስለ ልዕልቲቱ ሲነግሩኝ ፊትዎ ልክ እንደ አሁኑ ነበር። ቃሉም ይኸው ነበር፤ ተጣርቶ የተጻፈ። ከስድስቱ ጊዜ ይህኛው በምን እንደሚለይ እኔ በምን ልወቅ?»

ስድስት መናፈሻ ውስጥ ገብታ ስድስቴ ያገኘችው ሰሌዳው ላይ የሌለውን ነው። እኔ ብሆን በሁለተኛው ነበር የምመለሰው። ሰባተኛውን መስመር በአንድ ጭረት ሰርዛ መዝገቡን ዘጋች። የሚቃወም ካለ ደብዳቤው ላይ እስካለው ቀን ድረስ ለምክር ቤቱ በጽሑፍ ማመልከት ይችላል አለች። ስትሄድ የተመለከተችኝን አመለካከት አውቀዋለሁ። እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ሰውን ሁሉ ሳይበት የኖርኩበት ነው። ሌላ ሰው ዓይን ውስጥ ሳገኘው ምን ያህል እንደሚያሳንስ አላውቅም ነበር።

አቶ ስብሰባ «ነገ ጠዋት ቢሮዬ ናና ስለ ዝውውርህ እንነጋገራለን» ብሎኝ ተከተላት።

ወደ ውስጥ ገባሁ። እህቴ ከማለዳ ጀምራ ሦስቱንም ጉድጓድ አንድዳ ነበር። ንጹሕ ሽርጥ ለብሳለች፤ ፀጉሯን አበጥራለች። ግንቡ ሥር ሁለት ወንበር አውጥታ አንዱን ለእንግዳዋ ጠርጋ ይዛ ቆማለች። የኮኩ ቅርንጫፎች በሙቀቱ ላይ ላብ የወረዳቸው መስለው ያብረቀርቃሉ።

«የታለች?» አለችኝ ከኋላዬ እየተመለከተች።

«ሄደች።»

«ግንቡን ሳታይ?»

«ሳታይ። ሰሌዳውን አነበበችው።»

«ታዲያ?»

«አላመነችኝም።»

እህቴ የጠረገችው ወንበር ላይ ራሷ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፤ ማልቀስ የፈለግሁት እኔ ነበርኩ። ግንቡን በመዳፏ ዳበሰች። አፌ እንደ ልማዱ ቀደመ።

«ማመልከቻ ይቻላል ብላለች። ዛሬውኑ ቁጭ ብዬ እጽፈዋለሁ። ከመጀመሪያው ጀምሬ፣ ምንም ሳልጨምር ሳልቀንስ...»

«አንተ አትጻፍ።»

«እትዬ፣ ከእኔ የተሻለ ማን ይጽፍልሻል? ሥራዬ እኮ ነው።»

«እኔ ብጽፈው ለቤቷ ብላ ነው ይሉኛል፤ ሌላ ሰው ፈልጌ አጽፋለሁ» አለችኝ፤ ቁጣም አልነበረባትም። «ሰፈር ውስጥ ፊደል የቆጠረ አይጠፋም። የአንተ እጅ ካለበት ግንቡን ተሸክሜ ደጃፋቸው ብወስደውም አያምኑኝም።»